‹‹ለደከመ ሁሉ ግሉኮስ ይሰጥ›› ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሰሜን ሸዋ የጤና ተቋማት ላይ የተጻፈ አንድ ወቀሳ ብዙ ሰው እጅ ገብቷል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ከመንዝና ከመርሐ ቤቴ፣ ከአንኮበርና ከይፋት ደክሞ የሚመጣ ሕመምተኛ ግሉኮስ ሳይሰካለት ክኒንና የሚበጠበጥ ዱቄት ይዞ ይመለሳል፤ ይህም ድሃን መናቅ ነው። ግሉኮስ አቅም ይሰጣል፣ ደምም ይተካል። በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ምንጊዜም ከሚዋጠው ይበልጣል። ነርሶች ጠብታውን ከስንፍና የተነሣ ስለሚያዘገዩት አስታማሚው ራሱ እንዲያስተካክል ይፈቀድለት። ሕመምተኛውን ደጋግመው ይወጋሉ፣ የገባውንም ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠውን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ያለ ምክንያት ይነቅላሉ። እንዲሁም ግሉኮስ በየቤቱ የሚሰካበት መንገድ ይከፈት ይላሉ።

ጽሑፉ በቁጣ የተጻፈ ነው፤ የቁጣው ምንጭም ይገባኛል። እኔ በዚሁ በሰሜን ሸዋ በነርስነት የማገለግል ሰው ነኝ፤ ጸሐፊው እውነት የያዙበትን ቦታ በኋላ እመጣበታለሁ። የሚበዛው ምክራቸው ግን ሰው የሚጎዳ በመሆኑ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

አቅም ይሰጣል ከሚለው ልጀምር። ግሉኮስ የምንለው ባለ 5 በመቶው ዴክስትሮስ በአንድ ሊትር ውስጥ የያዘው 50 ግራም ስኳር ነው፤ አሥር የሻይ ማንኪያ ያህል። የሚሰጠው ጉልበት ቢበዛ 200 ኪሎ ካሎሪ ነው። ፕሮቲን የለውም፣ ቅባት የለውም፣ ብረት የለውም። የመንዝ እናት ለመንገደኛ የምትቋጥረው የገብስ በሶ 100 ግራሙ ብቻ ከ300 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሰጣል። ኖርማል ሳላይን የሚባለው ደግሞ በሊትር 9 ግራም ጨው የገባበት ውኃ ስለሆነ ጉልበት የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም። መብላት የሚችል ሰው አጠገቡ የተቋጠረ ስንቅ እያለ ግሉኮስ ካልተሰካልኝ ብሎ ጦሙን ሲውል ማየት ያሳዝናል። እንዲህ ያለውን እምነት የሚያጠናክር ጽሑፍ ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል።

ደም ይተካል የሚለው ከዚህም የከፋ ነው። ደም ያነሰው ሰው የጎደሉት ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ የደም ሴሎች ናቸው፤ ጨዋማ ውኃ ሲጨመርበት ያለውም ደም ይቀጥናል። ከገባው ሳላይን ውስጥ ከአንድ ሰዓት በኋላ በደም ሥር ውስጥ የሚገኘው ሩብ ያህሉ ነው፤ የቀረው ወደ ሰውነት ሕብረ ሕዋስ ይሰርጋል። ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ስትመጣ በሁለቱም ክንዶቿ ወፍራም ካኑላ አስገብተን ፈሳሹን በፍጥነት የምንለቀው ደም እስኪደርስ ድረስ ጊዜ ለመግዛት ነው። ደሙ ካልደረሰ ፈሳሹ ብቻውን አያድናትም።

ግሉኮስ ወስጄ ቀለል አለኝ የሚል ሰው ታዲያ ዋሸ ማለቴ አይደለም። ሲያስታውከው ወይም ሲያስቀምጠው የነበረ ሰው በእርግጥ ፈሳሽ ጎድሎበት ነበር። ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ መጥቶ ለጥቂት ሰዓታት አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ትኩሳት ማብረጃም አብሮ ተሰጥቶታል። ለቀለለው ሁሉ ምስጋናው ለተሰቀለው ላስቲክ ይሄዳል።

ጸሐፊው ቢጠቅም እንጂ ምን ይጎዳል ብለው ይጠይቃሉ። የጽሑፋቸው ዋና ስሕተት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ድካም በሽታ አይደለም፣ የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ይደክመኛል የምትል ወጣት ሴት ብትመጣ፣ ድካሟ በልጅነቷ በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልቧን በር ያጠበበ የሩማቲክ የልብ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በአገራችን ብርቅ አይደለም። በጠበበው በር ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ሳንባዋ እየተመለሰ ነው። እንዲህ ላለች ልጅ አንድ ሊትር ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ቢለቀቅላት ከሰዓታት በኋላ መተኛት አቅቷት ተነሥታ ትቀመጣለች፣ ታስላለች፣ አረፋ ትተፋለች። የኩላሊት ሕመምተኛው፣ ልቡ የደከመው ሽማግሌ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳው ሕፃን ሁሉ ‹‹ደክሞኛል›› ወይም ‹‹ደክሟል›› ተብሎ ነው የሚመጣው። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ደሙ መዘዋወር ተስኖት ራሱን እስከ መሳት ሲደርስ ብቻ ነው፤ ያኔም እየተለካና እየተጠበቀ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,100 በላይ ሕፃናትን አካቶ ነበር። ከባድ ትኩሳት ያለባቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ሕፃናት ናቸው። ተቅማጥና ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው አልተካተቱም። ፈሳሽ በፍጥነት ከተለቀቀላቸው ውስጥ በ48 ሰዓት 10.5 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ በፍጥነት ሳይለቀቅላቸው ከታከሙት የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ሐኪሞች ራሳቸው ፈሳሹ ያድናል ብለው ጠብቀው ነበር። ይህን ውጤት ያየ ባለሙያ ግሉኮስ ከማዘዙ በፊት ቆም ብሎ ቢያስብ ንቀት ሊባል አይገባም።

አሁን ወደ ዱቄቱ። ጸሐፊው በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ኦ.አር.ኤስን የድሃ ማባበያ አድርገው ስለውታል። ስለ ደም ሥር ሕክምና ታሪክ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ጨዋማ ፈሳሽን ለኮሌራ ሕሙማን በደም ሥር በመስጠት ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1832 ስኮትላንድ ውስጥ ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም ነው። ሞት አፋፍ ላይ የነበሩ ሰዎች ዓይናቸውን ሲገልጡ አይቷል። በኋላም ለተቅማጥ በሽታ ከደም ሥር የተሻለ መንገድ የለም ተብሎ ለረጅም ዘመን ታመነ። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ የነፃነት ጦርነት የተነሣ ወደ ሕንድ የተሰደደ እጅግ ብዙ ሕዝብ በኮሌራ ሲያልቅ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም ቦንጋኦን በምትባል የድንበር ከተማ ላይ የሚሰቀል ፈሳሽ አለቀበት። ጨው፣ ስኳርና ቤኪንግ ሶዳ በውኃ አስበጥብጦ ለሕሙማኑ ቤተሰቦች አደለ፤ አስታማሚዎቹ በኩባያ ያጠጡ ጀመር። በሰፈሩ ከመቶው 30 ያህል ይሞት የነበረው ቁጥር ከ4 በታች ወረደ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ከዚህ ሕክምና ጀርባ ያለውን ግኝት የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የሕክምና እመርታ ሊሆን ይችላል ብሎታል።

ምስጢሩ በአንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ስኳርና ጨው አብረው ሲደርሱ አንጀት ሁለቱንም ተያይዘው እንዲገቡ ያደርጋል፤ ውኃም ተከትሏቸው ይገባል። ይህ መግቢያ በኮሌራ ጊዜ እንኳ አይዘጋም። ስለዚህ ምጥኑ ወሳኝ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው አንድ ፓኮ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይዟል፤ የሚበጠበጠውም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። ግማሽ ፓኮ በብርጭቆ አይባልም፣ ስኳርም አይጨመርበትም። ለሕፃናት ዚንክ ይታከልበታል፤ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ለአነሰው 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። እንግዲህ ጸሐፊው ግሉኮስ ተነፈግን ሲሉ፣ በፓኮው ውስጥ ያለው አንዱ ነገር ራሱ ግሉኮስ ነው፤ የገባበት በር ብቻ ነው የተለየው።

መጠጣት የማይችል፣ ራሱን የሳተ፣ ሁሉን የሚያስታውክ፣ እጅ እግሩ የቀዘቀዘና የእጅ ደም ሥር ትርታው የጠፋ ሲመጣ ግን ማንም ነርስ ዱቄት አይበጠብጥም። ዕድሜው ከአንድ ዓመት ያለፈ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በተቅማጥ እንዲህ ከደረሰ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 300 ሚሊ ሊትር፣ በቀጣዩ ሁለት ሰዓት ተኩል 700 ሚሊ ሊትር በደም ሥሩ ይገባለታል። ያኔ እንሮጣለን።

በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ምንጊዜም ይበልጣል ስለተባለው ባጭሩ ልመልስ። ሜትሮኒዳዞል የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተውጦ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል መጠን ደም ውስጥ ይገባል፤ መዋጥ ለሚችል ሰው ላስቲኩ የሚጨምርለት ነገር የለም። በሌላ በኩል ከሸዋ ሮቢት ቆላ ራሱን ስቶ በወባ ለሚመጣ ሰው በደም ሥር የሚሰጠው አርቴሱኔት ሕይወቱን ያተርፋል፤ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከተሰጠውና መዋጥ ከቻለ በኋላ ግን ወደ ክኒን ይዛወራል። እዚያው ቆላ ፋልሲፓረም ወባ ይዞት በእግሩ ለመጣ፣ ለማያስታውክ ሰው እንደ ኮአርተም ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ይበቃዋል። በከባድ ወባም ቢሆን ፈሳሽ ማብዛት ሳንባን ያጥለቀልቃል። መድኃኒቱ የሚመረጠው በሕመሙ ክብደትና በመዋጥ አቅም እንጂ በመርፌው ማማር አይደለም።

ጠብታን በተመለከተ ጸሐፊው ነርሶችን ክፉኛ ወቅሰዋል። ሒሳቡን ልንገራቸው። አንድ ሊትር በስምንት ሰዓት ይግባ ተብሎ ታዟል እንበል። የማስገቢያው ቱቦ ማሸጊያ ላይ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል ተብሎ ተጽፏል። 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ይሆናል። ነርሷ ሰዓቷን ይዛ 15 ሰከንድ ስትቆጥር አሥር ወይም አሥራ አንድ ጠብታ ማየት አለባት። ለሕፃናት የሚውለው ቱቦ ደግሞ አንዱ ሚሊ ሊትር 60 ጠብታ ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው መጠኑን ሦስት እጥፍ ያዛባል። ሕመምተኛው ክርኑን ሲያጥፍ ይዘገያል፣ ሲዘረጋ ይፈጥናል፣ ከአልጋው ተነሥቶ ሲቀመጥም ይለወጣል። ተመላልሶ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አስታማሚ መቆጣጠሪያውን ሲከፍተው ያየሁባቸው ምክንያቶች ክፋት የለባቸውም። የመንዝ መኪና ከመነሣቱ በፊት እንዲያልቅ ነው፤ ወይም ቶሎ ካለቀ ቶሎ ይድናል ብሎ ነው። ነገር ግን በዚያ ላስቲክ ውስጥ ፖታሲየም ተጨምሮ ከነበረ ልብ ሊያቆም ይችላል። ለምጥ ኦክሲቶሲን ከነበረ ማኅፀን ሊተረትር ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ላስቲክ አንድ ዓይነት ጥርት ያለ ውኃ ነው። አስታማሚ ማድረግ የሚችለውና የሚገባው ትልቅ ነገር አለ፤ መርፌው የገባበት አካባቢ ሲያብጥ፣ ሲቀላ፣ ሲያቃጥል፣ ሕመምተኛው ሲንቀጠቀጥ ወይም ትንፋሽ ሲያጥረው ወዲያውኑ መጥራት። የጠብታ መቆጣጠሪያውን ግን አይንካ።

ደጋግመው ይወጋሉ ለተባለው፣ በኅዳር ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ሲወርድ አንዲት የሰባ ዓመት እናት እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አውጥተው ሲሰጡ ምን እንደሚታይ ጸሐፊው ቢያዩ እወዳለሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። ብርድ የደም ሥርን ያኮማትራል። በዚያ ላይ ሰውነታቸው ፈሳሽ ጎድሎታል። ‹‹ልጄ፣ እኔ ደም የለኝም፣ አትድከሚ›› ይላሉ። ‹‹አለ እማማ፣ ብርዱ ደብቆት ነው›› እላለሁ። እጃቸውን በሞቀ እርጥብ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፣ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች አንጠልጥለው እንዲቆዩ አደርጋለሁ። ከዚያ ከፍ ብዬ ክንዱን አስሬ በጣቴ እዳስሳለሁ፤ ጥሩ የደም ሥር ከመታየቱ ይልቅ ሲዳሰስ ይታወቃል፣ ሲጫኑት መልሶ ይገፋል። ቆዳውን በአልኮል አጽድቼ በራሱ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፤ አይራገብም፣ እፍ አይባልም። የመርፌውን አፍ ወደ ላይ አድርጌ በዝቅተኛ አንግል አስገባለሁ። ደም በጀርባው ብልቃጥ ብቅ ሲል መርፌውን ጋደም አድርጌ ፕላስቲኩን ብቻ ወደ ፊት እገፋለሁ። ይህን ሁሉ አድርጎም የማይገኝበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ዓይነቱ ቀጭን ሥር ላይ ለሥራው የሚበቃውን ቀጭኑን፣ ሰማያዊውን ወይም ሮዙን ካኑላ እንመርጣለን፤ አረንጓዴው ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት ለሚያስፈልገው ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት ባለሙያ ሌላ ባልደረባ መጥራት አለበት። ይህን የማያደርግ ካለ የጸሐፊው ወቀሳ በእርሱ ላይ ይጽናበት።

ካኑላ መንቀልን በሚመለከት ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው፤ ይህን ብነግራቸው ደስ ይለኛል። በየ72 ወይም በየ96 ሰዓቱ የግድ ይለወጥ የሚለው አሠራር ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ከ3,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተ የአውስትራሊያ ጥናት ግን በቀን ቆጥሮ መለወጥና ምክንያት ሲኖር ብቻ መለወጥ የደም ሥር መቆጣትን በተመለከተ ልዩነት እንደሌላቸው አሳየ፤ በሁለቱም ወገን 7 በመቶ ገደማ ነበር። ስለዚህ ንጹሕ የሆነ፣ የማያምና በደንብ የሚሠራ ካኑላ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ መነቀል የለበትም። ይህ የሚሠራው ግን በየተራው የሚያየው ዓይን ካለ ነው። መቅላት፣ እብጠት ወይም ሕመም ከታየ በገባ በሦስት ሰዓቱም ቢሆን ይወጣል። ጥቅም ላይ የማይውል ካኑላም መቆየት የለበትም፤ ቀጥታ ወደ ደም የሚገባ ክፍት በር ነው። ጸሐፊው ሕመምተኛው ካኑላውን እንደያዘ ለቀናት አገሩ ገብቶ እንዲመለስ ይፈቀድ ያሉት በዚህ ምክንያት አያስኬድም። አውድማ ላይ፣ በረት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ያለ እጅ ያንን ቀዳዳ ንጹሕ አድርጎ አያቆየውም።

በየቤቱ ይሰካ የሚለው ምክራቸው ከሁሉም ያስፈራኛል። መድኃኒት በደም ሥር ገብቶ ሰውነት ቢቆጣና ጉሮሮ ቢያብጥ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ነው፤ አድሬናሊን ጭን ላይ የሚወጋ ሰው እዚያው መኖር አለበት። ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ካልሲየም ካለበት ሪንገር ከሚባለው ፈሳሽ ጋር ለጨቅላ ሕፃን እንደማይሰጥ መንደር ለመንደር የሚዞር መርፌ ወጊ አያውቅም። ያገለገለ መርፌ ከቤት ቤት ሲዞር ሔፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤች.አይ.ቪም አብረው ይዞራሉ። የቤት ለቤት አገልግሎት ከተፈለገ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ሳይጎድልባቸው እንዲዞሩ መጠየቅ ይሻላል፤ እሱን እኔም እጠይቃለሁ።

ጸሐፊው እውነት የያዙበት ቦታ የመጨረሻው አንቀጻቸው ነው፤ እዚያ የሚሉት ይህ ነው። ሕመምተኛው አልጋ ላይ ሆኖ ልጁ ካኑላና ፕላስተር ፍለጋ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይላካል፤ ሌሊት አንዲት ነርስ ሙሉ ክፍል ይዛ ታድራለች፤ ለምን ግሉኮስ እንዳልታዘዘ ለቤተሰቡ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳም የለም። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ እኔም በየተራዬ የማያቸው ናቸው። በተለይ ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ‹‹እናትዎ መጠጣት ይችላሉ፣ ስለዚህ ይህን በኩባያ ቀስ እያሉ ያጠጧቸው፤ ካስታወካቸው አሥር ደቂቃ ቆይተው ይቀጥሉ፤ ሽንት ካልሸኑ ወይም ከፈዘዙ ይጥሩኝ›› ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ሳይባል የተመለሰ ቤተሰብ ተናቅሁ ቢል አልፈርድበትም። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው አንዲት የሌሊት ተረኛ ስንት ጠብታ መቆጣጠር ትችላለች ብለው ጤና ቢሮዎችን ቢጠይቁ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ለማስረዳት እኔና ባልደረቦቼ ዝግጁ ነን።